ኦርደር መመለስ ያስቀጣል? ለአንድ የባሕር ዳር ዴሊቨሪ ሠራተኛ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ውስጥ በሞተር ምግብ አደርሳለሁ። ሥራው በአፕ ነው፤ ደመወዝ የለኝም፣ የምከፈለው በኦርደር ነው። ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ሩቅ የሆነውን ወይም ብዙ ከሚያስጠብቅ ምግብ ቤት የመጣውን ሳልቀበል እመልሳለሁ፤ ከአሥሩ አራቱን ያህል ሳልመልስ አልቀርም። አንዳንዴም ተቀብዬ ሄጄ ምግቡ ካልደረሰ ካንስል አደርጋለሁ። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ስልኬ ጭጭ ብሏል። በፊት በቀን 14፣ 15 የነበረው አሁን ስምንት ከሞላ ጥሩ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ‹ሲስተሙ ቂም ይዞብሃል፣ ከ70 በመቶ በታች ከወረድክ ይዘጉሃል› ይለኛል። ሌላው ‹ፍሪላንሰር ነህ፣ መመለስ መብትህ ነው፣ ማንም አይነካህም› ይላል። እውነቱ የትኛው ነው? ሁሉንም ልቀበል ወይስ እንደ ጀመርኩት ልቀጥል? ይንገሩኝ።»

ምላሽ፦ ሁለቱም ጓደኞችህ ግማሽ ግማሹን ይዘዋል። ሲስተም ቂም አይዝም፤ ይቆጥራል እንጂ። መመለስ መብትህ ነው ያለህም አልዋሸህም፤ ዋጋ የማያስከፍል መብት ነው ብለህ ከተረዳኸው ግን ተሳስተሃል። እኔን ያሳሰበኝ ከሁለቱም ወሬ ይልቅ አንተ ራስህ ቸኩለህ ያለፍካት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «አንዳንዴም ተቀብዬ ሄጄ ካንስል አደርጋለሁ።» ከአሥር አራት ከመመለስህ ይልቅ እሷ ሳትጎዳህ አልቀረችም።

መጀመሪያ ነገሮቹን እንለያቸው። ኦርደር ሲመጣ ስልኩ ይጮህና ጥቂት ሰከንድ ይሰጥሃል። በዚያ ሰከንድ ውስጥ «አልፈልግም» የሚለውን መጫን አንድ ነገር ነው። ስልኩን አይተህ ጮኾ እስኪያበቃ ዝም ማለት ሁለተኛ ነገር ነው። «እሺ» ብለህ ተቀብለህ ከመንገድ ወይም ከምግብ ቤቱ በር ላይ መሰረዝ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። በእናንተ ቋንቋ ሦስቱም «ሪጀክት ማድረግ» ይባላል። ኦርደር በሚያከፋፍለው ሰው ዓይን ግን እነዚህ ሦስቱ እንኳን አንድ ሊሆኑ ዘመድም አይደሉም።

ይህን የምልህ ከሁለቱም ወገን ስለነበርኩ ነው። መጀመሪያ ሞተር ላይ ነበርኩ፤ ኋላ ኦርደር ከሚያከፋፍሉት ጋር ኮምፒውተር ፊት ተቀምጫለሁ። ከወዲያኛው ወንበር ሲታይ ነገሩ እንዲህ ነው። ደንበኛ ሲያዝ ፕሮግራሙ ማን ኦንላይን እንዳለ፣ ለምግብ ቤቱ ማን እንደሚቀርብ፣ ማን እጁ ላይ ሌላ ኦርደር እንዳለ ያያል። በአንዳንድ ድርጅት የሠራተኛው ያለፈ መዝገብም እዚህ ላይ ይታያል። ከዚያ ለአንዱ ይልካል። ያ ሰው በሦስት ሰከንድ ውስጥ ቢመልሰው ኦርደሩ ወዲያው ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ የጠፋው ሦስት ሰከንድ ብቻ ነው፣ ማንም አይሞትበትም። ሰውየው ዝም ካለ ግን የተሰጠው ጊዜ እስኪያልቅ ይጠበቃል። 40 ሰከንድ ነው እንበል፤ ሦስት ሰው በተከታታይ ዝም ቢል ሁለት ደቂቃ ሄደ፣ ምግብ ቤቱም ደንበኛውም ገና ምንም አያውቁም። ከተቀበሉ በኋላ መሰረዝ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ምግቡ ተሠርቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ሌላ ሠራተኛ ከዜሮ ይነሳል፣ ደንበኛው ኮል ሴንተር ይደውላል፣ አንዳንዴም ገንዘቡ ይመለስለታል። ድርጅቱ ቀጥታ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ጠንከር ያለው ቅጣት የሚቀመጠው እዚህ ላይ ነው።

የከተማው መጠንም ለውጥ ያመጣል። አዲስ አበባ ቦሌ ላይ አንዱ ቢመልስ ሁለት መንገድ ወዲያ ሌላ ሞተር ቆሟል። ባሕር ዳር ውስጥ ማታ 2 ሰዓት ላይ ከመሃል ከተማ ወጣ ስትል በአካባቢው ኦንላይን ያለኸው አንተና አንድ ሌላ ልጅ ብቻ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ሁለታችሁ ከመለሳችሁ ያ ኦርደር የሚሄድበት የለም። ስለዚህ የአንተ መመለስ በትልቅ ከተማ ካለ ሠራተኛ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ይህ ለአንተ መጥፎም ጥሩም ነው፤ በጥቅሉ ቁጥር ውስጥ መደበቅ አትችልም፣ በአንጻሩ ደግሞ ድርጅቱ አንተን በቀላሉ አይተካህም።

አሁን ወደ «70 በመቶ» እንምጣ። ይህ ቁጥር በቴሌግራም እየተዘዋወረ ብዙ ልጆችን አስፈራርቷል፤ ምንጩ ግን አሜሪካ ነው። ዶርዳሽ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ለምርጥ ሠራተኞቹ ለሚሰጠው የክብር ደረጃ ከመስፈርቶቹ አንዱ አድርጎ የያዘው ቁጥር ነበር፤ ከቀረቡልህ ኦርደሮች ቢያንስ 70 በመቶውን ተቀብለህ ከሆነ ማለት ነው። ከዚያ በታች መውረድ ደረጃውን ያሳጣ ነበር እንጂ ከሥራ አያባርርም። እዚያው ድርጅት ውስጥ አካውንት እስከማዘጋት የሚደርሰው የማጠናቀቅ መጠን ነው፤ ከተቀበልካቸው ውስጥ ስንቱን ደንበኛው በር አደረስክ የሚለው። የመቀበል መጠኑም የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 100 ኦርደሮች ላይ ስለሆነ ዛሬ የመለስከው ከመቶ ኦርደር በኋላ ከስሌቱ ይወጣል። የአንተ ድርጅት በሌላ የኦርደር ብዛት ላይ ሊያሰላ ይችላል። ስሌቱ በመጨረሻዎቹ 20 ኦርደሮች ላይ ከሆነ እያንዳንዷ «አልፈልግም» አምስት ነጥብ ታወርድሃለች፤ በ100 ላይ ከሆነ አንድ ነጥብ ብቻ። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» እንዳይሆንብህ፣ የሰው አገር ድርጅት ሕግ ይዘህ አትፍራ፣ በእሱም አትተማመን። የራስህን ውል አውጥተህ አንብበው።

ስለ «ፍሪላንሰርነት» አጠር አድርጌ ልለፍ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውል አለ የሚባለው አንድ ሰው በአሠሪ አመራር ሥር ሆኖ በደመወዝ ለመሥራት ሲስማማ ነው፤ በራሱ የንግድ ወይም የሙያ ኃላፊነት ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራን ሰው አዋጁ አይመለከተውም። አንተ ከሁለቱ የትኛው ነህ የሚለውን የሚወስነው ውልህ ላይ የተጻፈው ስም ብቻ ሳይሆን በተግባር ማን ማንን ያዛል የሚለው ነው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 የኡበር ሹፌሮች የሠራተኛ መብት አላቸው ብሎ ሲወስን ከቆጠራቸው ነገሮች አንዱ፣ ብዙ ጥሪ የሚመልስ ሹፌር ለ10 ደቂቃ ከአፑ መባረሩ ነበር። ያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ዴሊቨሩ የሚባለውን የምግብ ዴሊቨሪ ድርጅት አድራሾች ጉዳይ ሲያይ በተቃራኒው ወሰነ፤ በራሳቸው ምትክ ሌላ ሰው መላክና ያለ ቅጣት ኦርደር መመለስ መቻላቸው ሠራተኛ ላለመሆናቸው ማስረጃ ሆነባቸው። ልብ በል፤ ያለ ቅጣት መመለስ መቻልህ ነፃ ያደርግሃል፣ ያው ነፃነት ደግሞ ሠራተኛ የሚያገኘውን ጥበቃ ያሳጣሃል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2020 በሕዝብ ድምፅ ያጸደቀችው ሕግም እንደዚሁ ነው። ድርጅቶቹ ማንንም የተወሰነ ኦርደር ካልተቀበልክ ብለው ከአፑ እንዳያስወጡ ይከለክላል፤ ዝቅተኛ ክፍያም ያረጋግጣል፤ ግን ክፍያው የሚቆጠረው ኦርደር ከተቀበልክበት እስከምታደርስበት ላለው ጊዜ ብቻ ነው። ቆመህ የጠበቅህበት ሰዓት የራስህ ነው። ይህ የሌላ አገር ፍርድ እዚህ አያስገድድም፤ «ማንም አይነካህም» የሚለውን ጓደኛህን ግን ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል።

ወደ ራስህ ስልክ ዝምታ እንመለስ። ከ15 ወደ 8 መውረድህን ሁሉ ለቅጣት አትስጠው። ባሕር ዳር ውስጥ ኦርደር የሚያወርዱ ሌሎች ነገሮች አሉ፤ እኔ ባየሁት ብዙዎቹ ከቅጣት ይበረታሉ። ባለፈው ወር ጾም ገብቶ ነበር? ረቡዕና ዓርብ ብቻውን ልዩነት ያመጣል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ለ55 ቀን የምሳ ሰዓት ራሱ ቦታ ይቀይራል። ብዙ ሰው እስከ 9 ሰዓት ስለሚቆይ፣ አንተ 6 ሰዓት ተኩል ላይ የጠበቅከው ግርግር ከሰዓት በኋላ ብቅ ይላል፣ ያውም በሽሮና በአትክልት። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር የኔ ጉዳይ አይደለም፤ ኦርደሩ ላይ ግን ይታያል።) ተማሪስ? የዩኒቨርሲቲው ፔዳና ፖሊ ግቢ ሲዘጋ ማታ ማታ ይመጣ የነበረው ትንሽ ትንሽ ኦርደር ቁልቁል ይወርዳል። አዳዲስ ልጆችስ ገብተዋል? ያው 200 ኦርደር ለ15 ሰው ሲከፈልና ለ25 ሰው ሲከፈል አንድ አይደለም፤ በመጀመሪያው ለእያንዳንዱ 13 ይደርሳል፣ በሁለተኛው ስምንት። የአንተን ቁጥር ተመልከት፤ ማንም ሳይቀጣህ እዚያው ልትደርስ ትችላለህ።

ሌላው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ስልኩ ነው። ባትሪ ቆጣቢ የተከፈተበት ስልክ አፑን ከጀርባ ሆኖ ያስተኛዋል። ዳታ ሲደክም ወይም ሎኬሽን ሲሳሳት ደግሞ ኦርደሩ ይላካል፣ አንተ ጋ ሳይጮህ ጊዜው ያልፋል፣ በመዝገብህ ላይ «መልስ አልሰጠም» ተብሎ ይቀመጣል። አንድ ልጅ ሰነፍ ተብሎ ሊሰናበት ሲል ስልኩን ብናየው የአፑ ማሳወቂያ ከተዘጋ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ዛሬ ማታ ከሁሉ በፊት እሱን አጣራ፤ ለአፑ ባትሪ ቆጣቢውን ዝጋ፣ ሎኬሽኑን «ሁልጊዜ» ላይ አድርገው።

አሁን ዋናው ሒሳብ። «ሩቅ ስለሆነ መለስኩ» ብለሃል። ርቀት ብቻውን ምክንያት አይሆንም፤ የሚለካው በሰዓት ኪስህ ውስጥ የሚቀረው ነው። ቁጥሮቹን እኔ ለምሳሌ ነው የማስቀምጣቸው፤ አንተ በራስህ ዋጋ ቀይራቸው። ከሐይቁ ዳር ካለ ዓሣ ቤት በአዴት መንገድ ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የሚሄድ ኦርደር መጣ፤ የማድረሻው ክፍያ 150 ብር ነው። ወደ ዓሣ ቤቱ ለመድረስ 5 ደቂቃ፣ ዓሣው እስኪጠበስ 30 ደቂቃ፣ ለማድረስ 20 ደቂቃ፣ ባዶ ለመመለስ 20 ደቂቃ። 75 ደቂቃ ሆነ። ደርሶ መልሱ 18 ኪሎ ሜትር ቢሆንና ሞተርህ በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ቤንዚኑን በ130 ብር ከገዛኸው 58 ብር ገደማ ጠጣ። 92 ብር ቀረህ፤ በሰዓት ሲመታ 74 ብር አካባቢ ነው። (ቤንዚኑን ከማደያ ሳይሆን በጀሪካን ከሚሸጡት ከገዛህ ሒሳቡን አንተው ጨርሰው፣ እኔ አልጨክንብህም።)

ሁለተኛው ኦርደር ከአንድ ቀበሌ ወደ ጎረቤቱ ነው፤ ክፍያው 70 ብር ብቻ። ለመድረስ 5፣ ለመጠበቅ 8፣ ለማድረስ 7፣ ለመመለስ 5 ደቂቃ፤ 25 ደቂቃ። ቤንዚኑ 13 ብር፤ የሚቀርህ 57 ብር። በሰዓት ሲሰላ 137 ብር። በግማሽ የማይሞላ ክፍያ በሰዓት እጥፍ ሊያስገኝ ምንም አልቀረውም። እስከዚህ ድረስ የአንተ ደመ ነፍስ ልክ ነው።

ግን አንድ ነገር ረስተሃል። 137 ብር የሚሆነው አጫጭሮቹ በተከታታይ የሚመጡ ከሆነ ነው። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ረጅሙን መልሰህ ቀጣዩን አጭር አርባ ደቂቃ ከጠበቅህ፣ 57 ብሯን ያገኘኸው በ65 ደቂቃ ነው፤ በሰዓት 53 ብር ገደማ፤ ከመለስከው ያነሰ። በእነዚህ ቁጥሮች ሲሰላ ወሰኑ 20 ደቂቃ አካባቢ ነው። ቀጣዩ ጥሩ ኦርደር በ20 ደቂቃ ውስጥ ይመጣል ብለህ የምታምን ከሆነ መልስ፤ ካልሆነ ተቀበል። መመለስ ትክክል ወይም ስህተት የሚሆነው በኦርደሩ ብቻ አይደለም፣ በሰዓቱም ነው። በምሳ ግርግር ከ6 እስከ 8፣ በእራት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ጥብቅ ሁን። ኦርደር በማይበዛበት በደረቁ ሰዓት መራጭ ከሆንክ ከሁለት ያጣ ጎመን ትሆናለህ፤ ረጅሙም አለፈህ፣ አጭሩም አልመጣ።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ሞተር ላይ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ወር ሙሉ ምንም ሳልመልስ ለመሥራት ወሰንኩ፤ ጎበዝ እንድባል ነበር። ኦርደሬ በዛ፣ አለቃዬ አመሰገነኝ፣ በወሩ መጨረሻ ግን ከቤንዚን፣ ከዘይትና ከኋላ ጎማ በኋላ እጄ ላይ የቀረው ካለፈው ወር ያነሰ ነበር። በቀጣዩ ወር ተናድጄ በተቃራኒው ሄድኩ፤ ሁሉንም እየመለስኩ ሐይቁ ዳር ከዋርካው ሥር ቆሜ ዋልኩ። ያኛው ወር የባሰ ነበር።

የአንተ ትልቁ ራስ ምታት ግን ከርቀቱ ይልቅ የምግብ ቤቱ ጥበቃ ይመስለኛል፤ ካንስል የምታደርገውም በእሱ ነው። እዚህ ከተማ ላይ ይህ የታወቀ ነው። ቆሮሶ ወይም አምባዛ የሚባለው ዓሣ ኦርደሩ ከገባ በኋላ ተከትፎ ወይም ተጠብሶ ነው የሚወጣው፤ አስቀድሞ ተሠርቶ አይቆምም፣ ቢቆምም አይበላም። ስለዚህ ዓሣ ቤት 25 ወይም 30 ደቂቃ መቆም የአስተናጋጁ ስንፍና አይደለም፣ የምግቡ ጠባይ ነው። ይህን አስቀድመህ ታውቃለህ፤ ካወቅህ ደግሞ ውሳኔው የሚሰጠው ስልኩ ሲጮህ ነው፣ በሩ ላይ ከደረስክ በኋላ አይደለም። ደርሰህ 15 ደቂቃ ቆመህ ስትሰርዝ 15 ደቂቃህን በነፃ ሰጠህ፣ መንገዱን በነፃ ሄድክ፣ መዝገብህን በራስህ እጅ አበላሸህ። በገንዘብ ብቻ ብታየው እንኳ፣ 15 ደቂቃ ከቆምክ በኋላ የቀረው 15 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መጨረስ ሁልጊዜ ከመሰረዝ ይሻላል ማለት ይቻላል። አንድ ደብተር ያዝ፤ የትኛው ምግብ ቤት በየትኛው ሰዓት ስንት ደቂቃ እንደሚያቆም ለሁለት ሳምንት ጻፍ። ከሃያ ቤት ውስጥ የሚያማርሩህ ሦስት ወይም አራት ብቻ ሆነው ታገኛቸዋለህ። እነዚያን በግርግር ሰዓት በፍጥነት መልስ፣ በደረቅ ሰዓት ተቀበል። ዝርዝሩንም ኦርደር ለሚያከፋፍሉት ኦፕሬተሮች ስጣቸው። ድርጅቱ ኦርደሩን ለምግብ ቤቱ አሁን ልኮ ሠራተኛውን ከ15 ደቂቃ በኋላ መጥራት ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የማያደርገው ማንም በቁጥር ስላልነገረው ነው።

ከተቀበሉ በኋላ መሰረዝ አግባብ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ምግብ ቤቱ ተዘግቶ ስታገኘው፣ ደንበኛው ስልክ ሳያነሳ ሲቀር፣ ሞተሩ ሲበላሽ፣ ዝናቡ መንገዱን ሲሞላው፣ የሰዓት እላፊ ገደብ ሲወጣ ወይም ሰፈሩ ለመግባት የማያስተማምን ሲሆን። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አትደራደርባቸው። ማታ አንድ ሰፈር መግባት ልብህ ካልፈቀደ 150 ብርም 500 ብርም ምክንያት አይሆንህም፤ ፈሪ ቢሉህ ይበሉህ። ግን አካሄድ አለው። መጀመሪያ ኦፕሬተሩ ጋ ደውል፣ ምክንያቱን ተናገር፣ ከተቻለ እነሱ ራሳቸው እንዲሰርዙት አድርግ። የተዘጋውን በር ወይም የተቋረጠውን መንገድ ፎቶ አንሳ፣ የጥሪውን ሰዓት ስክሪንሹት ያዝ። ዝም ብለህ ቁልፉን ከተጫንክ ማሽኑ ነፍስህን ለማዳን የሰረዝከውንና ሰልችቶህ የሰረዝከውን አይለይም። ቦሎኛ ላይ አንድ የጣሊያን ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በዴሊቨሩ ላይ የፈረደበት ነጥብ ይኸው ነበር፤ አስቀድሞ የያዘውን ፈረቃ የሰረዘ ሠራተኛ ታሞ ይሁን አድማ ላይ ሆኖ ፕሮግራሙ ሳይለይ ነጥብ ይቀንስበት ስለነበር አድሎ ነው ተባለ። እዚህ ያንን የሚለይልህ የያዝከው ማስረጃ ነው። ለምግብ ቤቱ ከኪስህ ከፍለህ ከደንበኛው የምትቀበል ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄህ እጥፍ ይሁን፤ ኦፕሬተሩ ሳያውቅ የተሰረዘ ምግብ ዕዳው የአንተ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ያላነሳኸው ግን በሠራተኞች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሳይደርስህ የማይቀር ሐሳብ አለ፤ «ከዚህ ብር በታች ያለውን ሁላችንም እንመልስ፣ ዋጋው ይጨምራል» የሚል። አሜሪካ ውስጥ የዶርዳሽ ሠራተኞች ከ7 ዶላር በታች የሆነውን ሁሉ እንመልስ ብለው ተሰባስበው ነበር። እዚያ ሐሳቡ መሠረት አለው፤ ድርጅቱ ሰው የሸሸውን ኦርደር መነሻ ክፍያ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። የእናንተ ክፍያ ግን በኪሎ ሜትር ሠንጠረዥ ተቆርጦ የተቀመጠ ከሆነ ሺህ ጊዜ ቢመለስ አንድ ብር አይጨምርም፤ ኦርደሩ የዚያን ዕለት የቤንዚን ገንዘብ ለሌለው ጓደኛችሁ ይደርሰዋል፣ እሱም ይቀበለዋል። ክፍያው ተቆርጦ የተቀመጠ ከሆነ የሚለወጠው በንግግር ነው፤ የጥበቃ ደቂቃዎቻችሁን በደብተር ይዛችሁ አምስት ስድስት ሆናችሁ ስትቀርቡ። ድርጅቱ ከ15 ደቂቃ በላይ ላለው ጥበቃ ትንሽ ክፍያ እንዲጨምር መጠየቅ ክፍያው ሁሉ ይጨመር ከማለት ይልቅ የመሳካት ዕድል አለው።

እንግዲህ የምመክርህ ይኸው ነው፤ ሁሉንም አትቀበል፣ እንደ ጀመርከውም አትቀጥል። ከነገ ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ከተቀበልክ በኋላ የምትሰርዘው፣ ከላይ ከቆጠርኳቸው ምክንያቶች ውጭ፣ ዜሮ ይሁን። የማትፈልገውን በአምስት ሰከንድ ውስጥ «አልፈልግም» በል፤ ጮኾ እስኪጠፋ አትጠብቅ። ምሳ ስትበላ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ስትገባ፣ ቤንዚን ስትሰለፍ ከአፑ ውጣ፤ ኦንላይን ሆኖ መመለስ ይቆጠርብሃል፣ ኦፍላይን መሆን በብዙ አሠራር አይቆጠርም። በግርግር ሰዓት በሰዓት የምትፈልገውን ዝቅተኛ ገቢ ወስነህ ከዚያ በታች ያለውን መልስ፤ በቀረው ሰዓት የጸጥታ ችግር ከሌለበት በቀር የመጣውን ውሰድ። በዚህ አካሄድ ከአሥር አራት የነበረው መመለስህ ወደ ሁለት ይወርዳል ብዬ እጠብቃለሁ፤ ግብ አድርገህ ግን አትያዘው፣ ሒሳቡን በትክክል ከሠራህ በራሱ ይመጣል።

ይህ ምክር የማይደርስበት ቦታም አለ። ጾም ከሆነ ጾሙ እስኪፈታ፣ ተማሪ ከሆነ ተማሪው እስኪመለስ መዝገብህን ብታነጣው ኦርደር አይፈጠርም። ድርጅቱ በአንዴ ሃያ ሠራተኛ ጨምሮ ከሆነም የአንተ ጠባይ ያንን አይመልሰውም፤ ያኔ ጥያቄው ሌላ ድርጅት መጨመር ወይም ሥራውን በግርግር ሰዓት ብቻ አድርጎ ቀሪውን በሌላ ሥራ መሙላት ይሆናል። ሁለት አፕ በአንድ ጊዜ ከፍቶ መሥራት ከፈለግህ ግን ተጠንቀቅ፤ ከአንዱ ተቀብለህ ለሌላው ብለህ የምትሰርዝ ከሆነ ከላይ ያልኩትን ሁሉ ገደል ትከተዋለህ።

ሁለት ሳምንቱ አልቆ ስልክህ አሁንም ጭጭ ካለ ድርጅቱን በጽሑፍ ሦስት ነገር ጠይቅ። የመቀበል መጠኔ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ስንት ኦርደሮች ላይ ነው? ሳልነካው ጊዜው ያለፈ ኦርደር እንደ መመለስ ይቆጠራል ወይስ ለብቻው? በጸጥታ ወይም በመንገድ ችግር ደውዬ ያሰረዝኩት ከመዝገቤ ይወጣል? መልሱን በስልክ ከነገሩህ እዚያው «በዛሬው ዕለት እንዲህ ብላችሁኛል» ብለህ በቴሌግራም ጻፍላቸውና አስቀምጠው።